ሳማ ይዤ ክፍል የገባሁ ቀን

ጥቅምት ላይ ሱሉልታ ድርቆሽ ድርቆሽ ይሸታል። ክረምቱን ሜዳው ላይ ያደገው ሳር ይታጨዳል፣ ይከመራል፣ ታስሮ በአይሱዙ ይጫንና እንጦጦን ተሻግሮ አዲስ አበባ ይወርዳል። ብዙዎቹ ተማሪዎቼ ቅዳሜና እሁድን አጨዳ ላይ ስለሚውሉ ሰኞ ጠዋት ክፍል ስገባ የሚቀበለኝ ማስነጠስ ነው። ዓይኑ ያልቀላ፣ አፍንጫውን በመዳፉ ሽቅብ የማያሽ ልጅ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል።

ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አለርጂን ለዓመታት ያስተማርኩት በአንድ መንገድ ነበር፤ ፖለን (የአበባ ዱቄት) ይገባል፣ ሰውነት አይጂኢ የሚባለውን አንቲቦዲ ይሠራል፣ አንቲቦዲው ማስት ሴል የሚባል የበሽታ መከላከያ ሴል ላይ ይጣበቃል፣ ፖለኑ ዳግም ሲመጣ ማስት ሴሉ ሂስታሚኑን፣ ያንን የሚያሳክክ ኬሚካል፣ ይዘረግፋል። አራት ቀስት ሰሌዳው ላይ፣ ሃያ ደቂቃ፣ አለቀ። ያኔ ግን ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ሂስታሚኑ ገባኝ። ግን ባሸሁት ቁጥር ለምን ይብስብኛል? ደግሞ አጨዳው ካለቀ በኋላስ? አሁን እኮ አቧራውም፣ የጠዋቱ ብርድም፣ እማዬ በርበሬ ስታምስም ያስነጥሰኛል። በርበሬ ፖለን አለው እንዴ?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው፣ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እንመለስበታለን» አልኳት። አስተማሪ የሆነ ሰው ይህ ዓረፍተ ነገር ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ማታ ማታ በስልኬ ማንበብ ጀመርኩ። ሳነብ የደረስኩበት ነገር ደግሞ ጭራሽ ያልጠበቅኩት ነበር፤ ነርቭን የሚያሳድግ ፕሮቲን። ነርቭ ግሮውዝ ፋክተር ይባላል፣ በአጭሩ ኤንጂኤፍ። ዩኒቨርሲቲ ሳለን ስሙን ያለፍነው በነርቭ ምዕራፍ ውስጥ ነበር፣ ከበሽታ መከላከል ምዕራፍ ጋር የሚያገናኘው ነገር ያለ አይመስልም ነበር። ያገኘችው ጣሊያናዊቷ ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ ናት። በ1938 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የወጣው የሙሶሊኒ የዘር ሕግ ከሥራዋ ሲያባርራት መኝታ ቤቷ ውስጥ ላቦራቶሪ ከፍታ በዶሮ እንቁላል ላይ መሥራቷን ቀጠለች። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካ ሄዳ፣ ስታንሊ ኮኸን ከሚባል ባዮኬሚስት ጋር ፕሮቲኑን ከእባብ መርዝና ከአይጥ ምራቅ ዕጢ ለይተው አወጡት። በ1986 ኖቤል ተሸለሙ። (እንቁላልና መኝታ ቤት የሚለውን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ብሎ ሰማኝ። ከዚያ በኋላ ያልኩትን ግን ማንም አልሰማም፣ ወደዚያው እመጣለሁ።)

ለእኔ ትልቁ ነገር በ1977 የወጣው ሥራ ነው። ሉዊጂ አሎዬና ሌቪ-ሞንታልቺኒ ገና የተወለዱ አይጦችን ኤንጂኤፍ ሲወጉ፣ በሰውነታቸው ውስጥ ያለው የማስት ሴል ቁጥር ጨመረ። ለነርቭ የተባለው ቀለብ የበሽታ መከላከያውንም ሴል መገበ ማለት ነው። ይህንን አንብቤ ከአልጋዬ ተነሳሁ ብል ማጋነን አይሆንም።

በማግስቱ ያነበብኩትን ሁሉ ሰሌዳው ላይ ገለበጥኩት። ትርክ ኤ የሚባለው ተቀባይ፣ ፒ75 የሚባለው ሌላው ተቀባይ፣ ኢዮሲኖፊል፣ ሰብስታንስ ፒ፤ ቀስቶቹ ከአራት ወደ አሥራ ምናምን አደጉ። ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ገለበጡ። መጨረሻ ላይ ጥያቄ አለ ወይ ስል፣ አንዱ ኤንጂኤፍ ያነሰው ሰው ቁመቱ ያጥራል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ «የእድገት ፕሮቲን» ብዬ ተርጉሜው «ነርቭ» የሚለውን በጥድፊያ ዋጥኩት። ሌላዋ ደግሞ እንቁላል ብንበላ ይጨምራል ወይ አለች።

በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር የበቀለውን ሳማ ሳይ ሐሳቡ መጣልኝ። የሳማ እሾህ እንደ መርፌ ቀዳዳ ያለው ፀጉር ነው፤ ሲነካ ጫፉ ይሰበርና ውስጡ ያለውን ፈሳሽ ቆዳ ውስጥ ይወጋል። ፈሳሹ ውስጥ ደግሞ ሂስታሚን አለ። ጥቂት ቅጠል በፌስታል ጠቅልዬ ሰኞ ይዤ ገባሁ። ልጆቹ እንዳይነኩት አስጠንቅቄ፣ በተለይ አስም ያለባቸውን አርቄ አስቀምጬ፣ የራሴን እጅጌ ሰብስቤ ቅጠሉን ክንዴ ላይ ጫን አደረግኩት።

ክፍሉ በሙሉ ቆመ። መጀመሪያ ለበለበኝ፣ ቀጥሎ ቅጠሉ ያረፈበት ቦታ ላይ ምስር የሚያካክሉ ነጣ ያሉ እባጮች ብቅ ብቅ አሉ። ከዚያ ዙሪያው መቅላት ጀመረ። አንዱን ልጅ የቀላውን ዳርቻ በየደቂቃው በቢክ እስክሪብቶ እንዲያከብብልኝ አደረግኩ። ቅጠሉ የነካው የአንድ ብር ሳንቲም ያህል ቦታ ብቻ ነበር፤ አምስተኛው ክብ ግን ከዚያ ሁለት ጣት ያህል ወጥቶ ነበር።

«ሳማው እዚህ ነው የነካኝ» አልኩና ጠቆምኩ። «ታዲያ እዚያ ማዶ ያለው ቆዳ ምን ሆኖ ቀላ?»

አብዛኞቹ ሂስታሚኑ ፈሶ ሄዶ ነው አሉ። ያኔ ቶማስ ሉዊስ የሚባለው ብሪታንያዊ ሐኪም በ1920ዎቹ ያብራራውን ነገርኳቸው፤ ወደ ቆዳው የሚሄደው የስሜት ነርቭ ተቆርጦ ጫፉ ከሞተ፣ እባጩ ይወጣል፣ ዙሪያው ያለው ቅላት ግን አይመጣም። ስለዚህ ቅላቱን የሚያዛምተው ነርቭ ነው። የማሳከኩ መልእክት ወደ አንጎል ሲጓዝ በመንገዱ ላይ ባሉት ቅርንጫፎች ወደ ኋላም ይመለስና የነርቩ ጫፍ ሰብስታንስ ፒ የመሳሰሉትን ኬሚካሎች ይረጫል፣ የደም ሥሩ ይሰፋል። ነርቭ ወሬ አቀባይ ብቻ አይደለም፣ እሳቱም ላይ እንጨት ይጨምራል። ይህን ለማስረዳት አንድም ቀስት አላስፈለገኝም፣ ክንዴ በቂ ነበር።

ኤንጂኤፍን ያስገባሁት እዚህ ላይ ነው። ማስት ሴሎች የሚኖሩት ከደም ሥርና ከነርቭ ጫፍ አጠገብ ነው። ስማቸውን ያወጣላቸው ፓውል ኤርሊኽ በ1878 በማይክሮስኮፕ ሲያያቸው በጥቃቅን ፍሬዎች ታጭቀው ስላገኛቸው፣ የተቀለቡ መስለውት በጀርመንኛ «ማስት» አላቸው። እኛ «ቅልብ» እንደምንለው ማለት ነው፤ ቅልብ ሰንጋ፣ ቅልብ ሴል። ልጆቹ ይህን ስም እስከ ዛሬ አልረሱትም። እንግዲህ ቅልቡ ሴል ሲቆጣ ሂስታሚን ብቻ አይደለም የሚረጨው፣ ኤንጂኤፍም ራሱ ይሠራል። ኤንጂኤፉ ነርቩን ይቀልበዋል፤ ጫፉ ይበዛል፣ በትንሽ ነገር የሚቆጣ ይሆናል፣ የሚረጨውም ሰብስታንስ ፒ ይጨምራል። ያ ደግሞ ተመልሶ ማስት ሴሉን ይነካል። ኤንጂኤፍ ማስት ሴሉን በሕይወት ያቆየዋል፣ ኢዮሲኖፊል የሚባለው በአለርጂ ጊዜ የሚበዛው ነጭ የደም ሴልም ቶሎ እንዳይሞት ያደርገዋል። ኢዮሲኖፊሉም በተራው ኤንጂኤፍ ይሠራል። ቀላቢና ተቀላቢው ተደበላለቀ።

የበርበሬዋም ጥያቄ መልስ አገኘች። በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገው ንጥረ ነገር፣ ካፕሳይሲን፣ ነርቩ ጫፍ ላይ ትርፕቪ1 የሚባል በር አለው። ኤንጂኤፍ ሲበዛ ነርቩ እነዚህን በሮች ያበዛል፣ ያሉትንም በቀላሉ የሚከፈቱ ያደርጋቸዋል። በርበሬ ሲታመስ ማንም ያስላል፤ አፍንጫው በአለርጂ የከረመ ሰው ግን ሽታው ከጎረቤት ሲመጣም ያስነጥሰዋል። አለርጂው በርበሬ ላይ አይደለም፤ ድርቆሹ ያስቆጣው ነርቭ ገና ስላልበረደ ነው።

ከክፍሉ ስወጣ ደረቴ ተነፍቶ ነበር። ሦስት ቀን ቆየ።

ሐሙስ ማታ ታክሲ ተራ ላይ የአንዱ ተማሪዬ እናት አገኘችኝ፣ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ሰላምታው እንዳለቀ «መምህር፣ ልጄ ሳማ አለርጂ ነው ብለውናል ይላል» አለችኝ።

«አዎ ሲስተር፣ ማለቴ... ሂስታሚን ስላለው...»

«ሳማ የማይለበልበው ሰው አይተው ያውቃሉ?»

መልስ አልነበረኝም። ልክ ናት። ሳማ ሂስታሚኑን ይዞ የሚመጣው ራሱ ነው፤ ማንንም ይለበልባል፣ በመጀመሪያ ቀንም ይለበልባል። አለርጂ ግን ሰው ይመርጣል፣ ሰውነቱ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ አይጂኢ ሠርቶ መቆየት አለበት። በዚያ ላይ ሌላ ስህተት እንደነበረብኝ ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ ራሴ አየሁት፤ ክንዴ ላይ ያሳየሁት የደቂቃ ሥራ ነው፣ ኤንጂኤፍ የነርቩን ጫፍና በሮች የሚያበዛው ግን በሰዓታትና በቀናት ነው። የነርቩን ጫፍ ማሳየቴ ትክክል ነበር፣ ኤንጂኤፍን አሳየሁ ማለቴ ግን ውሸት ነው። ማሳያዬ ሲያምርልኝ ያላሳየውንም አሳየ ብዬ አስቆጠርኩት።

በሚቀጥለው ሰኞ ሰሌዳው ላይ መጀመሪያ የጻፍኩት «ባለፈው የተሳሳትኩት» የሚል ነበር። ተማሪ አስተማሪው ሲሳሳት እንደሚነቃው በምንም አይነቃም። ከዚያ ሌላ ጥያቄ ሰጠኋቸው። በ1996 የታተመ የጣሊያን ተመራማሪዎች ሥራ፣ አለርጂና አስም ባለባቸው ሰዎች ደም ውስጥ ኤንጂኤፍ ከጤነኞቹ በጣም ከፍ ብሎ እንደተገኘ ያሳያል። «እንግዲህ ኤንጂኤፍ ነው አለርጂን የሚያመጣው ማለት ይቻላል?» ብዬ ጠየቅኩ። ግማሹ ክፍል አዎ አለ። አንዱ ግን «ቲቸር፣ እሳት አደጋ መኪናም ቤት በተቃጠለበት ሁሉ ይገኛል» አለ። ከዚያ በላይ እኔም አልናገረውም።

ስለዚህ የትኛው እንደሚቀድም ወደሚያሳዩት ሙከራዎች ሄድን። በ1998 የታተመ ጥናት ላይ፣ ቀለል ያለ የአለርጂ አስም ያለባቸው በጎ ፈቃደኞች ሳንባ አንድ ክፍል ውስጥ አለርጂያቸውን የሚያስነሳው ነገር ተጨመረ። ከ18 ሰዓት በኋላ ያ ክፍል ታጥቦ ሲታይ ኤንጂኤፍም ዘመዶቹም ጨምረው ተገኙ። መጀመሪያ አለርጂው፣ ከዚያ ፕሮቲኑ። በሌላ በኩል፣ አስም በተደረገባቸው አይጦች ላይ ኤንጂኤፍን በአንቲቦዲ ሲዘጉት የአየር ቧንቧቸው መቆጣት ቀነሰ። ስለዚህ መኪናው ውሃ ብቻ አይደለም የሚረጨው። እሳቱን አልለኮሰውም፣ ከመጣ በኋላ ግን ያቆየዋል። ልጆቹ ይህንን ያለ ቀስት በራሳቸው አፍ ሲሉት መስማት ከሳማው ቀን የበለጠ አስደሰተኝ።

«ታዲያ ለምን መድኃኒት ሠርተው አይዘጉትም?» አለች ያቺው የኋላ ወንበር ልጅ። እሷ መቼም አትለቅም።

ለሕመም ተብሎ ተሞክሮ ነበር አልኳት። ለመገጣጠሚያ ሕመም ኤንጂኤፍን የሚዘጋ መድኃኒት ተሠርቶ ሕመሙን ቢያስታግስም፣ የአንዳንድ በሽተኞች መገጣጠሚያ በፍጥነት ስለተበላሸ በ2021 ተትቷል። በተቃራኒው ደግሞ ራሱ ኤንጂኤፍ የዓይን ጠብታ ሆኖ፣ ነርቩ ተጎድቶ ብሌኑ ለሚቆስል ሰው በአውሮፓ በ2017፣ በአሜሪካ በ2018 ተፈቅዷል። የአንዱን ዓይን የሚያስቆጣው የሌላውን ያድናል።

«እኔስ አሁን ምን ላድርግ?»

አጨዳ ላይ አፍንጫሽን በነጠላ ሸፍኚ፣ ወደ ቤት ስትገቢ ፊትሽን በውሃ ታጠቢ፣ ዓይንሽን አትሺ፣ ደረትሽ ካፏጨ ጤና ጣቢያ ሂጂ አልኳት። አትሺ የምትለዋ ላይ ሳቀች። ደወሉ ሲደወል ግን በአንድ እጇ ደብተሯን እየዘጋች በሌላው ዓይኗን ታሽ ነበር።