«አንቺስ?» ያላት አልነበረም

ዛሬ ለጤና ባለሙያዎች በተዘጋጀ ስልጠና ላይ ዋልኩ። ርዕሱ የወረርሽኝ ዝግጁነት ነው። ጠዋቱ ስለ ጭምብል፣ ስለ ኦክስጅን፣ ስለ ምርመራ ስናወራ አለፈ። ከሰዓት ግን አንዲት ነርስ እጇን አወጣች። በኮቪድ ጊዜ ለሟች ቤተሰብ ስልክ የምትደውለው እሷ ነበረች። «መጥታችሁ መሰናበት አትችሉም ብዬ የምናገረው እኔ ነኝ። አንድም ቀን ‹አንቺስ እንዴት ነሽ?› ያለኝ ሰው የለም» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። እኔም እንባዬ መጣ።

እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣችም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳለው በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት ጭንቀትና ድባቴ በዓለም ዙሪያ በ25 በመቶ ጨምሯል። በድሃ አገሮች ደግሞ የሥነ አእምሮ ሐኪም ድሮም በጣት የሚቆጠር ነው። ታዲያ ሐኪም እስኪበዛ እንጠብቅ? አይሆንም! ዚምባብዌን እዩ። «የወዳጅነት አግዳሚ ወንበር» በሚባለው እ.ኤ.አ. በ2006 በተጀመረ ሥራ፣ የሰለጠኑ አያቶች ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብለው የተጨነቀ ሰው ያዳምጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት የድባቴ ምልክቶችን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ውድ መሣሪያ አይፈልግም። አግዳሚ ወንበርና ጆሮ ነው። (አያቶች መመረጣቸው በጣም ደስ ይለኛል። ሰው ገመናውን ለማን እንደሚያወራ የገባው ሰው ነው ያሰበው።)

የሚቀጥለው ወረርሽኝ ዕቅድ ሲወጣ ከኦክስጅኑ ጎን ይህም በጀት ይያዝለት። ለታማሚውም ለነርሷም።

ስንወጣ በር ላይ ጠበቅኳት። «አንቺስ እንዴት ነሽ?» አልኳት። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆመን አወራን።