የወረቀቱ ጀርባ

ብራስልስ ውስጥ በፍሬም ሥራ ስሠራ ከስድስት ዓመት በፊት የደረሰብኝ ነገር ዛሬም ይከነክነኛል። አንድ አዛውንት ደንበኛ ጄምስ ኤንሶር እ.ኤ.አ. በ1899 በመዳብ ላይ ቀርጾ ያሳተመውን፣ በሰው የተጨናነቀውን፣ በቤልጂየም የባሕር ዳርቻ ከተማ በኦስተንድ ያለውን የባሕር መታጠቢያ የሚያሳይ ህትመት አመጡ። ኤንሶር በ1860 በኦስተንድ ተወልዶ፣ ቤተሰቦቹ ዛጎልና የካርኒቫል ጭንብል በሚሸጡበት ቤት አድጎ፣ በ1949 እዚያው ያረፈ ሠዓሊ ነው። ደንበኛችንም የዚያው ከተማ ልጅ በመሆናቸው፣ ለዓመታት የሰበሰቡት ከኦስተንድ ጋር የተያያዙትን ህትመቶቹን ብቻ ነበር።

የመረጡት ፍሬም ከወረቀቱ በሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል አነሰ። አለቃዬ፣ «ከላይ ቁረጪው፤ ባዶ ኅዳግ ነው፤ ምስሉን አትነኪውም» አለኝ። ከታች በእርሳስ የተጻፈውን ፊርማ ላለመንካት ተጠንቅቄ፣ ማስመሪያውን አስተካክዬ ቆረጥኩት።

አዛውንቱ ፍሬሙ ሳይዘጋ ደረሱ። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀስ ብለው ገለበጡት። ኤንሶር ብዙ ጊዜ በህትመቶቹ ጀርባ ርዕሱንና ስሙን በእጁ ይጽፍ ነበር። የዛሬ ሠዓሊዎች «ከ75 ቅጂ 12ኛው» ለማለት 12/75 እያሉ እንደሚጽፉት ያለ ቁጥር የእሱ ህትመቶች በአብዛኛው ስለሌላቸው፣ ያ የእጅ ጽሑፍ ለሰብሳቢ ትልቅ ምስክር ነው። የርዕሱ ፊደላት ከወገባቸው በላይ ተቆርጠው ግማሻቸው ብቻ ቀርቷል።

«ጀርባውን አይተውት ነበር?» አሉኝ ድምፃቸውን ሳያነሡ።

«አላየሁትም፣ ሙሴ።»

አለቃዬ ጣልቃ ገብቶ፣ «ልጅቷ ቸኩላ ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን» አላቸው። ትእዛዙ የእሱ መሆኑን ለመናገር አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት፤ ምክንያቱም ጀርባውን ሳላይ የቆረጥኩት እኔው ነበርኩ፤ ዝም ያልኩት ግን በዚህ ብቻ እንዳልነበር አውቃለሁ፤ ሥራዬንም ፈርቼ ነበር።

«ቁራጩስ የት አለ?» አሉ አዛውንቱ።

ቅርጫቱን ወለሉ ላይ ገልብጬ በፓስፓርቱ (ምስሉን ዙሪያውን በሚከበው ካርቶን) ቁራጮች መካከል ፈለግሁ። ያ ቀጭን ወረቀት የፊደላቱን የላይኛውን ግማሽ ይዞ ተገኘ፤ አንዱ ጫፉ ታጥፏል።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ወረቀት ሳልገለብጥ አልለካም፤ የመቁረጥ ትእዛዝ ሲመጣም በመዝገቡ ላይ የአዛዡን ስም እጽፋለሁ። አለቃዬ ይህን ልማዴን አይወደውም።

አዛውንቱ ቁራጩን ተቀብለው ለረጅም ጊዜ ሲያዩት ቆዩና፣ ከፍሬሙ ጀርባ በፖስታ እንዳስቀምጥላቸው ጠየቁኝ። እኔም የታጠፈውን ጫፍ በጣቴ አቃንቼ አስገባሁላቸው።