የጌም መጨረሻ ክርክር

ዛሬ ምሳ ላይ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ በጌም ተፋጠጡ። አንዱ ማስ ኢፌክት የተባለው ባለ ሦስት ክፍል ጌም ወዳጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የሦስተኛው ክፍል መጨረሻ እስካሁን ያንገበግበዋል። "ሦስት ጌም ሙሉ ስወስን ከርሜ፣ በመጨረሻ ቀይ፣ ሰማያዊ ወይ አረንጓዴ ምረጥ?" አለ። ተጫዋቹ ሲያማርር የጌሙ ሠሪ ባዮዌር በዚያው ዓመት የተራዘመ መጨረሻ በነጻ መልቀቁም አላጽናናውም።

ሌላዋ ባልደረባዬ ደግሞ ዊቸር 3 የተባለውን ጌም አነሳች። እዚያ ሲሪ የምትባለው ልጅ የምትወደው ሰው ሞቶባት አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ተጫዋቹ የሚመራው አሳዳጊዋ ጌራልት አይዞሽ ብሎ መጠጥ ሊጋብዛት ይችላል፣ ወይም ውጭ አውጥቷት በረዶ ይወራወራሉ። ትንሽ ነገር ትመስላለች አይደል? የሲሪን ዕጣ ከሚወስኑት ጥቂት ምርጫዎች አንዷ ግን ይቺ ናት፣ ያውም ጌሙ ምንም ሳያስጠነቅቅ!

እኔ ከዊቸር ጋር ነኝ። ቤታችንም ቢሆን ልጅ ሲከፋው ምክር እናዘንብበታለን እንጂ ተነስቶ አብሮት የሚጫወት ስንቱ ነው? እናንተስ የማን መጨረሻ ነው ልባችሁ ውስጥ የቀረው?