ከእድሩ ዕቃ ቤት የወጣው ጋቢ

ሰኞ ከቀኑ 9 ሰዓት ነበር። ሦስት ሴቶች አንዲት ልጅ መካከላቸው አድርገው ወደ ሕክምና ክፍሌ ገቡ። ሦስቱንም አውቃቸዋለሁ፤ ባሕር ዳር ውስጥ፣ ጣና ዳር ካሉት ሰፈሮች በአንዱ ያለ የሴቶች እድር አባላት ናቸው። እኔም በሰፈሩ ጤና ጣቢያ በነርስነት ከተመደብኩ ቆይቻለሁ። ልጅቱን ግን አላውቃትም። ንጹሕ ቀሚስ ለብሳለች፤ ፀጉሯ ታጥቦ ተሠርቷል፤ የሳሙናው ሽታ ቀድሟት ገባ። በዕድሜ የሚበልጡት እትዬ በሩን ራሳቸው ዘጉና፣ «ሲስተር፣ ይህችን ልጅ ዓርብ ማታ ያገኛት ነገር አለ» አሉኝ።

«ዓርብ ስንት ሰዓት?»

«ሁለት ሰዓት ገደማ። ከሥራ ስትመለስ።»

ቆጠርኩ። 67 ሰዓት ሆኗል። ከእንዲህ ያለ ጥቃት በኋላ ኤችአይቪ እንዳይይዝ የሚሰጠው መድኃኒት ቢቻል በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት፣ ቢዘገይ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። የቀረን 5 ሰዓት ብቻ ነበር።

የልጅቱን ማንነት የሚጠቁመውን ሁሉ እዚህ ትቼዋለሁ። አሥራ ስድስት ዓመቷ እንደነበረ፣ ከገጠር መጥታ እንጀራዋን በሐይቁ ዳር ታገኝ እንደነበረ፣ ያገኛትን ሰው ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ እንደሚያውቀው መናገር ይበቃል።

የኤችአይቪ ምርመራውን አደረግንላት፤ ለ28 ቀናት የምትወስደውን መድኃኒት የመጀመሪያውን እዚያው ዋጠች። እርግዝና የሚከላከለውንም ሰጠናት፤ እሱ እስከ አምስት ቀን ድረስ ይሠራል፤ ቶሎ ሲሆን ግን የበለጠ ይሠራል። ይህን ሁሉ እጄ በልምድ ያደርገው ነበር። ወደ ሆስፒታል የምትሄድበትን ወረቀት ስጽፍ ነው የሚከተለውን የጠየቅሁት።

«ያን ቀን የለበሰችው ልብስ የት አለ?»

የእትዬ ፊት በራ። «እሱንማ ያኔውኑ ዘፍዝፈን ሁለት ጊዜ አጠብነው። እሷንም ውሃ አሙቀን ከራስ እስከ እግሯ አጠብናት። እንደዚያ ሆና ልናሳድራት ነው?»

«ለምን አጠባችኋት?» አልኩ።

ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። የተናገርኩት ለሴቶቹ ነው፤ የሰማችው ግን ልጅቱ ናት። በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ወደ ግድግዳው ዞረች። በዚያች ክፍል ውስጥ ሊወቀስ የማይገባው ሰው ቢኖር እሷ ነበረች፤ የእኔን ቁጣ ግን እሷ ወሰደችው። ያንን አዟዟሯን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

እትዬ አልተቆጡም። ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ ሬሳ እንኳ ታጥቦ ነው የሚገነዘው። እኛ በሕይወት ያለችውን አጠብን። አይታጠብም ብለሽ መች ነገርሽን?» አሉኝ።

ማታ ቤቴ ስገባ መዝገቤን ገለጥሁ። ለሁለት ዓመት ያህል በየወሩ፣ እድርተኛው ወርኃዊ መዋጮውን ከፍሎ ሲጨርስ፣ እዚያው ዋርካው ሥር ቆሜ አስተምሬያለሁ። ያለዕድሜ ጋብቻ አለ። የሴት ልጅ ግርዛት አለ። ባል ሚስቱን መምታቱ «የቤት ጉዳይ» እንዳልሆነ፣ ሕግም እንደሚከለክለው አለ። «ጥቃትን በጋራ እንከላከል» የሚል ርዕስ አራት ጊዜ ተጽፏል። ጥቃት ከደረሰ በኋላ በዚያች ሌሊት፣ በዚያች ሰዓት አንዲት ጎረቤት በእጇ ምን ማድረግ እንዳለባት የሚናገር አንድ መስመር ግን አጣሁ። እንዲጠሉት አስተምሬያቸዋለሁ፤ ጠልተውታልም። ልጅቱን ከመንገድ አንሥተው ቤታቸው ያስገቧት፣ ሌሊቱን ሙሉ አቅፈው ያሳደሯት እነሱ ናቸው። እኔ ያልነገርኳቸውን ከየት ያምጡት? እናቶቻቸው ያስተማሯቸውን አደረጉ። አጠቡ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ሐኪሙ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዋ፣ ፖሊሱና ዐቃቤ ሕጉ በአንድ ማዕከል ይገኛሉ፤ ልጅቱ ታሪኳን በየቢሮው እየዞረች እንዳትደጋግም ታስቦ የተሠራ ነው። እዚያ በደንብ ተቀበሏት። የሐኪሙ ማስረጃ ግን አጭር ሆነ፤ ውሃና ሳሙና የወሰዱትን የሚመልስ መሣሪያ የለም።

የጎዳን ግን ውሃው ብቻ አልነበረም፤ የሦስት ቀን መዘግየቱም ነው። ቅዳሜ የሰውየው ወገኖች ሽማግሌ ላኩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በልጅቱ አጎት ቤት ተቀመጡ፤ ገንዘብ ቀረበ፤ «ያግባት» የሚልም ተነሣ። ዕርቅ ደም ያደርቃል ተባለ። እኔ ሽምግልናን የማከብር ሰው ነኝ፤ በገዛ ቤተሰቤ ውስጥ ፍርድ ቤት ያልቻለውን የመሬት ጠብ የፈቱት ሽማግሌዎች ናቸው። ነገር ግን ይህ የድንበር ጉዳይ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 620 አስገድዶ ለደፈረ ሰው፣ ተበዳይዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ስትሆን፣ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ይደነግጋል። ቤተሰብ ታርቄያለሁ ስላለ የሚዘጋ ክስ አይደለም። ጋብቻውም ቢሆን በክልሉ የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው። ሽማግሌዎቹ በቅን ልቦና ተቀምጠው ይሆናል፤ እነሱ ሲቀመጡ ሰውየው ግን ተነሥቷል። ሰኞ ማታ ፖሊስ ቤቱ ሲደርስ ከከተማ ወጥቶ ነበር።

በቀጣዩ ወር ዋርካው ሥር ስቆም መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅሁ። ማስተማር የነበረብኝን አላስተማርኳችሁም፤ ባላስተማርኳችሁ ነገር ደግሞ ጮህኩባችሁ አልኩ። ከዚያ ነገርኳቸው። አትታጠብ። ልብሷን አትቀይር። የግድ ከቀየረች እያንዳንዱ ልብስ ለየብቻው በወረቀት ይጠቅለል፤ በፌስታል ከታሰረ እርጥበቱ ያበላሸዋል። የፖሊስ ደብዳቤ እስኪጻፍ አትጠብቁ፤ ሕክምናው ይቀድማል። ታጥባም ከሆነ፣ ቀን አልፎም ከሆነ፣ አምጧት፤ መድኃኒት የምናገኝለት ብዙ ነገር አለ።

ዝም ብለው ሰሙኝ። ዝምታው ግን የመስማማት አልነበረም። አንዲት ወጣት እናት እጇን አነሣች። «ሲስተር፣ የምትይው ገብቶኛል። ግን ልጄ ብትሆን፣ ልብሷ ተቀዶ፣ ደም ነክቶት፣ በዚያ መንገድ ላይ ሰው እያያት አላስወጣትም። ማስረጃውም ይቅር።»

መልስ አልነበረኝም። የሥልጠና ወረቀቴ ላይ «አትታጠብ» ይላል፤ እንዴት ከቤት እንደምትወጣ አይልም። መልሱ የመጣው ከእትዬ ነው።

«ጋቢ ይገዛ» አሉ። «ወፍራም ጋቢ። ሳትታጠብ ትሄዳለች፤ ግን ተሸፍና ትሄዳለች። ገመናዋን እኛ እንሸፍነዋለን፤ ልብሷን ሐኪሙ ይየው።»

ይህን እኔ በአሥር ዓመትም አላስበውም ነበር።

ገንዘቡ ቀላል አልሆነም። ጉዳዩ ወደ ትልቁ የሰፈር እድር ሄደ፤ እዚያ ዳኛው ጠንካራ ሰው ናቸው። «እድር የተቋቋመው ለቀብር ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ ለሐዘን ነው። ደንቡ ይህን አይልም» አሉ። ክርክሩ ሁለት እሑድ ፈጀ። ከወንዶቹ አንዳንዱ የሰፈሩን ስም ያጠፋል አለ፤ አንዱ ለእንዲህ ያለው ነገር መንግሥት አለ ብሎ ሄደ። ነገሩን የቀየረው የአንድ ቄስ ንግግር ይመስለኛል። እኔ አስቀድሜ ሄጄ አነጋግሬያቸው ነበር። ተነሥተው፣ እኛ ለሟች ሌሊት እንነሣለን፤ በሕይወት ላለች ልጅ ካልተነሣን ለሟች መነሣታችን ከምን ይቆጠራል አሉ። በዕርቅ ስም እንዲህ ባለ ጉዳይ ላይ የሚቀመጥ ሽማግሌ ቢኖር እሳቸው እንደማይገኙም ተናገሩ። ዳኛው ዝም አሉና ጸሐፊውን «ጻፍ» አሉት።

እንዲህ ተጻፈ፤ ሁለት ጋቢና የሌሊት የባጃጅ መክፈያ ከእድሩ ገንዘብ እንዲመደብ፣ ሦስት ሴቶች ተመርጠው ስልካቸው ሌሊትም እንዳይዘጋ፣ ከሾፌሮች መካከል ምስጢር የሚጠብቅ አንድ ሰው እንዲታወቅ። ጋቢዎቹ ከድንኳኑ ጎን፣ በእድሩ ዕቃ ቤት ተቀመጡ። ከሴቶቹ አንዷ ሲያስፈልግ ስም ሳትጠራ «ጋቢው ወጥቷል» ብላ ብቻ ትደውልልኛለች። ጥሩንባ ነፊው አባት፣ «ይህንንስ አልለፍፍም፤ እኔ የምለፍፈው ሞት ነው» ብለው ሴቶቹን አስለቀሷቸው።

የመጀመሪያዋ ልጅ ዛሬ ከአክስቷ ጋር ሌላ ከተማ ትኖራለች። መድኃኒቷን 28ቱንም ቀን ጨርሳለች፤ ከሦስት ወር በኋላ ያደረገችው ምርመራም ነፃ ነበር። የክሱ መዝገብ ግን ተጠርጣሪው እስኪያዝ ተብሎ እንደተከፈተ ነው። ይህ ያንገበግበኛል።

ስልኩ የተደወለው በክረምት፣ ዝናብ ሲጥል ነው። ከሌሊቱ 5 ሰዓት። «ጋቢው ወጥቷል።» ጤና ጣቢያው በር ላይ ስደርስ ባጃጇ ቀድማኝ ቆማለች። ከውስጥ ሁለት ሴቶችና በመካከላቸው እስከ ዓይኗ ድረስ በነጭ ጋቢ የተሸፈነች ሴት ወረዱ። ጥበቃው ያየው ጋቢ ብቻ ነው። ጥቃቱ ከደረሰ ሁለት ሰዓት አልሞላም።

በዚያችው ባጃጅ አብረን ሆስፒታል ሄድን። መድኃኒቱ ተሰጠ፤ ሐኪሟ መርምራ ናሙናውን ወሰደች፤ ልብሱ አንድ በአንድ በወረቀት ተጠቅልሎ ታሸገ፤ የፖሊስ አባሏ ፈርማ ተረከበች። ሊነጋጋ ሲል በሩ ተከፈተና ሐኪሟ ጨርሻለሁ አለችን።

እትዬ ኮሪደሩ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ነበር። በዘንቢላቸው ንጹሕ ቀሚስ፣ ሳሙናና ፎጣ ይዘዋል። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ሲስተር፣ አሁንስ ልጠባት?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ፣ አሁን ይጠቧት» አልኩና የሞቀ ውሃ ፍለጋ ሄድኩ።