ኮፍያ ያደረጉት

የበሽተኛው ካርድ ላይ «ሳይኮሲስ» (ከእውነታው የሚያርቅ የአእምሮ መታወክ) ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ልክድ ብልም አልችልም፤ የእጅ ጽሑፌን የማያውቅ ነርስ በክፍላችን አልነበረም።

ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻሊቲ የምማር ሐኪም ሳለሁ ነው። ዲውቲ (ተረኛ) ነበርኩ፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ አንድ የ84 ዓመት አዛውንት በልጃቸው ተደግፈው ገቡ። ልጅየው ገና ሳይቀመጥ «ዶክተር፣ አባታችን ሌሊት ሌሊት ከሰው ጋር ይነጋገራሉ፤ ቤቱ ውስጥ ግን ሰው የለም» አለኝ። ትኩሳት የላቸውም፣ ሽንታቸው ንጹሕ ነው፣ ስኳሩም ሶዲየሙም ልክ ነው። ሲቲ ስካኑ «ከዕድሜ ጋር የሚሄድ የአንጎል መሟሸሽ» ይላል፤ በዚያ ዕድሜ ላለ ሰው ሁሉ የሚጻፍ፣ ለማንም የማይጠቅም ዓረፍተ ነገር። አዛውንቱ ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ ዝም ብለዋል። ዝምታቸውንም እንደ ምልክት ቆጥሬ መዘገብኩት። የሳይኮሲስ መድኃኒት አዘዝኩ፦ ሃሎፔሪዶል፣ ግማሽ ሚሊግራም፣ ማታ ማታ።

ታሪኩን አሥር ደቂቃ ሙሉ ተቀብያለሁ። ከልጅየው።

በሦስተኛው ቀን ራውንድ ላይ ሲኒየራችን ከአልጋው ግርጌ ቆመው ካርዱን ገለጥ አደረጉና «ዶዙ ትንሽ ነው፣ ጨምሩት» አሉ። ጨመርን። በአምስተኛው ቀን ሰውየው እንደ እንጨት ደረቁ። ማንኪያ የያዘው እጃቸው አፋቸው ጋ ሳይደርስ መሃል ላይ ይቆማል፤ ሽንት ቤት ሲሄዱም ተንገዳግደው ወደቁ። አጥንታቸው ተርፏል፤ ያተረፋቸው ግን የእኔ ጥንቃቄ አልነበረም።

ሲኒየራችን አልደነገጡም። እንዲያውም ፊታቸው በራ። «አያችሁ? የሌለ ነገር ያያል፣ በሃሎፔሪዶል ደረቀ፤ ሌዊ ቦዲ ነው። መድኃኒቱ መረመረልን» አሉ። ሌዊ ቦዲ አንድ ዓይነት የመርሳት በሽታ ነው። ነገሩ መጽሐፍ ላይ ቁልጭ ብሎ ያለ ነው፤ የሌዊ ቦዲ በሽተኛ ይህን መድኃኒት አይችልም። እኔም አመንኩ። ዕድሜው የገፋን ማንኛውንም ሰው በሃሎፔሪዶል ማድረቅ እንደሚቻል ማናችንም አላነሳንም። መድኃኒቱን ማቆማችን ግን ቢያንስ ጥሩ ሆነ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከመጋረጃው ወዲህ ቆሜ ኦርደር እጽፋለሁ። ከመጋረጃው ወዲያ ሲስተር ግፊት ትለካለች። ወደ እኛ ከመዛወሯ በፊት ዓይን ክፍል ብዙ ዓመት ሠርታለች።

«አባባ፣ ዛሬም መጡ?»

«መጡ።»

«ስንት ናቸው?»

«ስድስት፣ ሰባት። ትንንሾች ናቸው፣ ከጉልበቴ አያልፉም። ሁሉም ኮፍያ አድርገዋል።»

«ያናግሩዎታል?»

«ኧረ ድምፅ የላቸውም። ዝም ብለው ያልፋሉ።»

«አያስፈሩዎትም?»

«የሌለ ነገር ምኑ ያስፈራል?»

የግፊት መለኪያው አየር ሲተነፍስ ይሰማኛል። ሲስተር ቀስ ብላ «እንደሌሉ ያውቃሉ ማለት ነው?» አለቻቸው።

«ልጄ፣ የደከመው ዓይኔ ነው እንጂ ጭንቅላቴ አይደለም። ይኸውልሽ፣ አንቺ አጠገቤ ተቀምጠሽ ፊትሽ አይለይልኝም። የእነሱ ኮፍያ ግን ስፌቱ ሳይቀር ይታየኛል። ያለው ነገር ደብዝዞ የሌለው ሲጠራ፣ የቱ እውነት እንደሆነ ይጠፋኛል?»

እስክሪብቶዬ ወረቀቱ ላይ ቆመ። በሽታቸውን ከእኔም ከሲኒየሬም አጥርተው ተናግረውታል፤ ያውም በአምስተኛው ቀን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለተጠየቁ።

«ታዲያ ሌሊት ከማን ጋር ነው የሚነጋገሩት?»

«አንድ ቀን ወንበሬ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸውና ለቀልድ ያህል ዞር በሉ አልኳቸው። ልጄ ሰማ። የዚያን ዕለት ፊቱን ካየሁ ወዲህ ዝም ማለት ይሻላል ብዬ ነው።»

ሲስተር መጋረጃውን ገለጠች። እዚያ መቆሜን ስታውቅ የቆየች ይመስለኛል። «ዶክተር፣ ዓይን ክፍልን ኮንሰልት ብናደርግ?» አለችኝ። ይህቺ «ብናደርግ» የምትባል ቃል ነርሶች ለሐኪም ክብር ሲሉ የሚሸከሟት ናት፤ ትርጉሟ «እስካሁን ምን ስትሠራ ነበር?» ማለት ነው። ባትሪ አብርቼ አየሁ። የሁለቱም ዓይን ብሌን ከበስተኋላው ነጭ ግራጫ ነው። በአንድ ሜትር ርቀት ጣት መቁጠር አልቻሉም። የእኔ የመግቢያ ማስታወሻ ደግሞ «ዓይን፦ ደህና» ይላል።

ቻርልስ ቦኔት ሲንድሮም ነው። ቦኔት የተባለው የጄኔቫ የተፈጥሮ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1760 የጻፈው ስለ ገዛ አያቱ ነበር፤ አያትየው ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ሰው፣ ወፍ፣ ሠረገላና ሕንፃ ያዩ ነበር፤ አእምሯቸው ግን ደህና ነበር። ከዓይን መረጃ ሲቀርበት የአንጎል የማየት ክፍል ሥራ መፍታት አይሆንለትም፤ የራሱን ምስል ይሠራል። እግሩ የተቆረጠ ሰው የሌለ ጣቱን እንደሚያሳክከው ማለት ነው። ብርቅ ነው ይባላል። ብርቅ የሆነው ግን መናገሩ ይመስለኛል፤ እብድ እባላለሁ ብሎ የሚፈራ ሰው ስለ ኮፍያ አያወራም።

ሕክምናው ለመጻፍ እንኳ ያሳፍራል፦ ሰውየውን «አላበዱም» ማለት፣ ክፍሉን ብርሃን ማድረግ፣ ሲመጡ ዓይንን ግራና ቀኝ ማንቀሳቀስ፣ ሞራውን ማንሳት። ለአባባ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ከሁሉ በፊት የጠየቁኝ «ያ አያት ዕድሜያቸው ስንት ነበር?» ብለው ነው። 89 አልኳቸው። «እንግዲያው እኔ ገና ልጅ ነኝ» አሉና ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው የዚያን ዕለት ነው።

ድርቀቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለቀቃቸው። የቀኝ ዓይናቸው ሞራ ተነሣ፤ ግራው ሬቲናውም ስለተጎዳ ብዙ ተስፋ አልነበረውም። ኮፍያ ያደረጉት በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ብቅ ይላሉ፤ ያም ሲመሽ።

ሞርኒንግ (የሐኪሞች የጠዋት ስብሰባ) ላይ ኬዙ ሲቀርብ ሲኒየራችን «ዓይናቸውን ከመጀመሪያው ጠርጥሬ ነበር» አሉ። ጥርጣሬያቸውን ካርዱ ላይ ፈልጌ አጣሁት። ሲስተር በሩ አጠገብ ቆማ ነበር፤ ስሟን ማንም አላነሳም። እኔም ጭምር።

ከዚያ በኋላ ዕድሜው የገፋ በሽተኛ ባየሁ ቁጥር «የሚያዩት ነገር አለ?» ማለት ጀመርኩ። ሦስት ወር ሳይሞላ አንዲት እናት አልጋቸው ላይ ድመት ያያሉ ተባለ። ዓይናቸውን አየሁ፤ ሞራ አለ። ኢንተርኖቹን ሰብስቤ ስለ ጄኔቫው ሰው፣ ስለ አያቱ፣ ስለ ሠረገላው አንድ በአንድ ተረኩላቸው። ልጨርስ ስል ሲስተር ቴርሞሜትሩን ዓይኔ ሥር አመጣችው፦ 38.9። የሽንት ኢንፌክሽን ነበር። አንቲባዮቲክ በጀመሩ በሦስተኛው ቀን ድመቶቹ ሄዱ። ሲስተር ምንም አላለችኝም፤ ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

አባባ ባለፈው ወር በሳል ምክንያት ተመልሰው መጡ። ኢንተርኑ ሲያቀርብ «የታወቀ የሳይኮሲስ በሽተኛ» ብሎ ጀመረ፤ ከኦርደሩም አንደኛ መስመር ላይ ሃሎፔሪዶል አለ። «ከየት አመጣኸው?» ስለው ካርዱን ወደ እኔ አዞረው። የእጅ ጽሑፌ ነው። ወረቀቱን በእስክሪብቶ ሰረዝኩት። ኮምፒዩተሩ ላይ የተገለበጠው ግን በእስክሪብቶ አይሰረዝም፤ የቆየ በሽታ ከመዝገብ እንዲወጣ በክፍሉ ኃላፊ የተፈረመ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ኃላፊው ዛሬ እኚያው ሲኒየር ናቸው። ደብዳቤው ጠረጴዛቸው ላይ ከተቀመጠ አራተኛ ሳምንቱን ይዟል።