ፍሬን ሲረገጥ የሚበራው ክሩስኮት፦ የመኪና ኤሌክትሪክ ልምምዴ ስድስተኛ ወር

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ወር እንዳጫወትኳችሁ የአጎቴ ፒካፕ ባትሪም ዲናሞም ተቀይሮለት ሦስት ቀን ከቆመ አልነሳም ይል ነበር። ይህን ወር ሙሉ ከእሱው ጋር ከረምኩ። ለካ ያሉበት ብልሽቶች ሁለት ናቸው፤ የማይገናኙትን አንድ ናቸው ብለን ስንፈልግ ነው ያ ሁሉ ጊዜ የሄደው።

መኪናው የ1998 (እ.ኤ.አ.) ቶዮታ ሃይሉክስ ነው፣ ደብል ካቢን። አጎቴ ቀን ቀን ከመርካቶ ዕቃ ያመላልስበታል፤ ማታ ቂርቆስ ግቢያችን ውስጥ ያድራል። የነገረኝ ምልክት እንዲህ ነው፦ አመሻሽ ላይ፣ መብራት ሳያበራ፣ ቸርችል ጎዳናን ሲወርድ ፍሬን በረገጠ ቁጥር ክሩስኮቱ፣ ማለትም ከመሪው ፊት ያለው የቆጣሪዎቹ ሰሌዳ፣ ደብዘዝ ብሎ ይበራል፤ ሲለቅ ይጠፋል። መብራት አብርቶ ፍሬን ሲይዝ ደግሞ የግራው የኋላ መብራት ጭራሽ ድርግም ይላል። በዚያ ቁልቁለት ከኋላ ለሚከተል ሾፌር ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ እንቅልፍ የነሳኝም ከባትሪው ይልቅ ይኸኛው ነበር።

ከእኔ በፊት ያየው ጋራዥ «ክሩስኮቱ ውስጥ ሾርት አለ» ብሎ ፈቶ ገጥሞታል። እኔ ከፊውዝ ጀመርኩ፤ ሁሉም ደህና። ቀጥዬ የግራውን የኋላ መብራት ማሳ፣ ማለትም ኔጋቲቩ በቦዲው በኩል የሚመለስበትን መስመር፣ በቴስተሩ (መስመር ሲገናኝ በሚጮኸው የኤሌክትሪክ መለኪያ) ፈተሽኩ። ቴስተሩ ጮኸ። ከጮኸ መስመሩ ደህና ነው ብዬ ሰረዝኩትና ሁለት ቅዳሜ ሌላ ገመድ ስከተል አሳለፍኩ።

መፍትሔው የመጣው ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ልገዛ ሄጄ፣ ተክለሃይማኖት አካባቢ የሚሠሩ አንድ ትልቅ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ዘንድ ጎራ ስል ነው። ቴስተር አላቸው፤ እጃቸው ላይ የማይጠፋው ግን ሁለት ገመድ የተበየደበት የስቶፕ (የፍሬን መብራት) አምፖል ነው። ነገሩን ስነግራቸው «መብራቱ በርቶ ነው የለካኸው ወይስ ጠፍቶ?» አሉኝ። ጠፍቶ ነው ጋሼ፣ አልኳቸው። «እንግዲያውስ አልለካህም ልጄ። ሥራ ያልያዘ ገመድ ሁሉ ጤነኛ ነው።»

ቤት ገብቼ ያሉትን ሞከርኩት፤ እናንተም ሞክሩት፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ባለ 100 ኦም ሬዚስተር (ከረንት የሚያንቅ ትንሽ ዕቃ) ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር አገናኙና በሬዚስተሩ ሌላኛው ጫፍና በባትሪው ኔጋቲቭ መካከል ቮልቱን ለኩ። የእኔ ቴስተር 12.5 አለኝ፣ ልክ ባትሪው ላይ እንደለካሁት። ከዚያ ቴስተሩን ሳታነሱ በዚያው ጫፍና በኔጋቲቩ መካከል 21 ዋት አምፖል አስገቡ። ቁጥሩ ከ0.1 ቮልት በታች ወረደ፤ አምፖሉም አልበራም። ለአፍታ ብቻ ይሁን፣ ትንሽ ሬዚስተር ወዲያው ይግላል። ዲጂታል ቴስተር ቮልት ሲለካ የሚወስደው ከረንት እዚህ ግባ አይባልም፤ ስለዚህ ገመዱ ምን ያህል እንደታነቀ አያየውም። ያ ጩኸትም እንደዚሁ ነው፤ ብዙ ቴስተር ላይ ሃያና ሠላሳ ኦም እያለም ይጮሃል። ለአምፖል ይህ ግድግዳ ነው።

በነጋታው አጎቴ ፍሬኑን ረግጦ እንዲይዝልኝ አድርጌ ጥቁሩን ሽቦ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ቀዩን የግራው ስቶፕ የማሳ እግር ላይ አሳረፍኩ። ጤነኛ ማሳ እዚህ ጋ ከ0.2 ቮልት በታች ነው የሚያሳየው። የእኛው 11.4 አሳየ። ሁለት ጊዜ ደግሜ ነው ያመንኩት።

ክሩስኮቱ ለምን እንደሚበራ ያን ጊዜ ገባኝ። የኋላው አምፖል ባለሁለት ክር ነው፦ 21 ዋቱ ለስቶፕ፣ 5 ዋቱ ለፓርኪንግ (መብራት ሲበራ ለሚበራው ትንሹ የኋላ መብራት)፤ ሁለቱም የሚመለሱት በአንድ ማሳ ነው። ማሳው ሲዘጋበት የስቶፑ ከረንት በ5 ዋቱ ክር በኩል ወደ ኋላ ይዞርና የፓርኪንግ መስመር ውስጥ ይገባል። የክሩስኮቱ መብራት የሚበላው ከዚሁ መስመር ስለሆነ ከረንቱ በእነዚያ ትንንሽ አምፖሎች አልፎ ማሳ ያገኛል። መብራቱ በርቶ ፍሬን ሲረገጥ ደግሞ ሁለቱም ክሮች 12 ቮልት ይደርሳቸዋል፤ መውጫ ስለሌለው ሁለቱም ይጠፋሉ። ክሩስኮቱ ምንም አልነበረበትም።

ማሳው የታሰረው ከግራው መብራት ጀርባ ባለ አንድ ቡሎን ነው። ስፈታው ቡሎኑ ሥር ነጭ ቀለም አገኘሁ። መኪናው ከዓመታት በፊት ተገጭቶ ባትላሜራ ገብቶ ነበር፤ ቀለም ሲቀባ ቦታው አልተሸፈነም፣ የገመዱ ጫፍ የታሰረው ቀለሙ ላይ ነው። እስከዛሬ የያዘው በቡሎኑ ጥርስ በኩል ብቻ ነበር፤ በየክረምቱ የገባው ጭቃና ውኃ ያንንም በልቶታል። የገመዱ ጫፍ አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል፣ በጣቴ ሳሸው ተፈረፈረ። ጫፉን ቆርጬ አዲስ አሰርኩለት፣ ላሜራውን ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩ፣ አጥብቄ ካሰርኩ በኋላ ላዩን ግራሶ ቀባሁት። እንደገና ስለካ 0.04።

ባትሪውን ባጭሩ ላውጋችሁ። ኔጋቲቩን ፈትቼ ቴስተሩን በአምፔር፣ ባለ 10 አምፔሩ ቀዳዳ ላይ፣ መሃል አስገባሁ። በዚህ ጊዜ ሞተር ለማስነሳት መሞከር የለም፣ ቴስተሩን ያቃጥላል። የበሩን መቆለፊያ በካቻቪቴ ገፍቼ የተዘጋ አስመስዬ ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ፦ 0.38 አምፔር። ከ0.05 መብለጥ አልነበረበትም። በቀን ወደ 9፣ በሦስት ቀን 27 አምፔር ሰዓት ማለት ነው፤ የእኛ ባትሪ ደግሞ ባለ 60 ነው፣ ከተማ ለከተማ ሲመላለስም ሞልቶ አያድርም። ፊውዞቹን ሳልነቅል ጀርባቸው ላይ ባሉት ሁለት ነጥቦች ሚሊቮልት ለካሁ፤ ከረንት የሌለበት ዜሮ ነው፣ ባለ 15ቱ የቴፑ ፊውዝ ግን 1.7 አሳየ። ቴፑን ሳወጣው ቀዩና ቢጫው ገመድ አንድ ላይ ተጠምዝዘው በናስትሮ ተጠቅልለዋል። ቢጫው ሁልጊዜ ኃይል ያለው ነው፣ ቀዩ በቁልፍ የሚመጣው፤ የገጠመው ሰው ያለ ቁልፍ እንዲዘፍን ብሎ አገናኝቷቸዋል፣ ቴፑም ቢጠፋ አይተኛም። ለይቼ ቀዩን ወደ ቦታው መለስኩት፦ 0.02። አጎቴ ሬዲዮ ለመስማት ቁልፍ ማዞር አለበት፤ አልወደደውም፣ ግን አራት ቀን ቆሞ በመጀመሪያው ቁልፍ ሲነሳለት ዝም አለ።

ማክሰኞ ማታ ከፒያሳ ወደ ለገሃር አብሬው ወረድኩ። ፍሬን ሲይዝ ክሩስኮቱን አየሁ፣ ጨለማ ነው። የቀኙን ማሳ ግን ገና አልነካሁትም፤ ፍሬን ተረግጦ ስለካው 0.5 ቮልት ያሳያል። እዚያም ሥር ቀለም ሳይኖር አይቀርም፣ ቅዳሜ እከፍተዋለሁ።