ሜተዱን ከታትፌው ጭራሽ ባሰበት

አንድ የጃቫ ሜተድ (በስሙ የሚጠራ የኮድ ቁራጭ) ነበረኝ። ባይት እያነበበ ሪከርድ ያወጣል። ሎፕ ውስጥ ስለሆነ ሚሊዮን ጊዜ ይጠራል፤ ፕሮፋይለሩን (የትኛው ኮድ ጊዜ እንደሚበላ የሚያሳየውን መሣሪያ) በከፈትኩ ቁጥር አናት ላይ የማገኘው እሱን ነው።

ምክንያቱን ማወቁ አልከበደም። ፕሪንት ኢንላይኒንግ የሚባለውን የጃቫ ፍላግ ሳበራ ከስሙ አጠገብ «ሆት ሜተድ ቱ ቢግ» (ትኩስ ሜተድ፣ ግን በጣም ትልቅ) አለኝ። ሆትስፖት (ጃቫን የሚያስኬደው ሞተር) በብዛት የሚጠራን ሜተድ ኢንላይን የሚያደርገው፣ ማለትም በጥሪው ፈንታ ኮዱን ራሱን ጠሪው ውስጥ የሚገለብጠው፣ ባይትኮዱ (የጃቫ ኮድ የሚተረጎምበት መልክ) ከ325 ባይት ካልበለጠ ነው። ብዙም ለማይጠራው ጣሪያው 35 ነው። ባይትኮድ በሚያሳየው ጃቫፒ ሳየው የእኔው 412 ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት እስካሁን ያናድደኛል። «ሜተድ ሲያጥር ጥሩ ነው» ሲባል ነው የኖርኩት፤ ዘጠኝ ቦታ ከታተፍኩት። ችግሩ፣ አምስት ሎካል ቫሪያብሎች ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው መመላለስ ነበረባቸው። ጃቫ ደግሞ የሚመልሰው አንድ ዋጋ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ትንሽ ኦብጀክት ሠርቼ ሁሉንም እዚያ አጨቅኩ። በየጥሪው አዲስ ኦብጀክት! «ሁሉም ኢንላይን ከሆነ ኮምፓይለሩ ኦብጀክቱን ያጠፋዋል» ብዬ ተኛሁ።

አላጠፋውም። ከዘጠኙ አንዱ የተበላሸ ሪከርድ ሲመጣ ብቻ የሚጠራ ነበር። አልፎ አልፎ ስለሚጠራና ከ35 ባይት ስለሚበልጥ ኢንላይን አልሆነም። ኦብጀክቱን ግን በአርጊዩመንት ይቀበላል። ሲ2 የሚባለው ኮምፓይለር ደግሞ ቅርንጫፍ አይለይም፤ ኦብጀክቱ በአንዱ በኩል ካመለጠ (ኢንላይን ላልሆነ ሜተድ ከተሰጠ)፣ በደህናውም መንገድ ሜሞሪ ላይ ይፈጥረዋል። ጋርቤጅ ኮሌክተሩ (የማያስፈልግ ኦብጀክት ከሜሞሪ የሚጠርገው) ፋታ አጣ፣ ፕሮግራሙ ከበፊቱ ተንቀረፈፈ። እኔ ሆዬ ሁለት ቀን ሙሉ የጋርቤጅ ኮሌክተሩን ሴቲንግ ስነካካ ከረምኩ። ያበላሸሁትን ረስቼ!

በመጨረሻ ሁሉንም ወደ ነበረበት መለስኩና አንድ ነገር ብቻ አወጣሁ፦ የስህተት መልእክቱን የሚገጣጥመውን ኮድ። አርጊዩመንቱ ሁለት ኢንት ብቻ ነው። ዋናው ሜተድ 262 ባይት ሆነ። አለቀ።

እንግዲህ «ንጹሕ ኮድ ጻፍ፣ የቀረውን ለኮምፓይለሩ ተው» የሚሉትን አልሰማም። የሚወጣው ቀዝቃዛው፣ አልፎ አልፎ የሚሠራው ክፍል ነው፤ ትኩሱን አትንኩት። 325ን በፍላግ ከፍ ማድረግም ይቻላል፣ ግን ለአንድ ሜተድ ሲባል የፕሮግራሙን ሁሉ ሕግ መቀየር ነው። መስመርም አትቁጠሩ። አሰርት የሚባለው ፍተሻ ፕሮግራሙ ሲሠራ ቢጠፋም ባይትኮዱ ውስጥ አለ፣ ይቆጠራል። ከሜተዱ በላይ «ከ325 እንዳያልፍ» የሚል ረጅም ኮሜንት ለጥፌበታለሁ። እሱ እንኳን አይቆጠርም።